የነገሥታት በሽታና የሐኪሙ ክር

ሰው በታመመ ጊዜ ጎረቤት ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። አንደኛው «ምን ነካው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ምን አድርጎ ነው?» የሚል ነው። የመጀመሪያው የሐኪም ጥያቄ ሲሆን ሁለተኛው የዳኛ ጥያቄ ነው። በየተራቸው ቢጠየቁ ሁለቱም ባልጎዱ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ይቀድምና ፍርዱ ከምርመራው በፊት ይሰጣል። እንዲህ ያለ ፍርድ ምን ያህል ዘመን ጸንቶ እንደሚኖር፥ ለማረምም ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ የሚያሳይ አንድ በሽታ አለ፤ እርሱም ሪህ ነው።

በአገራችን «ሪህ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ያጠቃልላል። ወገቡን ያመመው፥ ጉልበቱን የቆረጠመው፥ ብርድ የመታው ሁሉ «ሪህ ያዘኝ» ይላል። እኔ እዚህ የምናገረው ከእነዚህ ሁሉ ስለ አንዱ ብቻ ነው፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ በእግር አውራ ጣት የሚጀምረው፥ በድንገት የሚመጣው፥ ጣቱን አቅልቶና አሳብጦ ጠንካራውን ሰው የሚያስጮኸው ሕመም ነው። የጥንት ግሪኮች ፖዳግራ ይሉት ነበር፤ ትርጓሜውም «የእግር ወጥመድ» ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የኤውሮጳ ሐኪሞች ደግሞ በላቲን ቋንቋ ጉታ፥ ማለት «ጠብታ» አሉት፤ ክፉ ፈሳሽ ወደ መገጣጠሚያው እየተንጠባጠበ የሚያመጣው ይመስላቸው ነበርና። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛውና በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው የግሪክ ሐኪም ሂፖክራተስ ስለዚህ በሽታ በስሙ ተጽፎ የቆየልን ነገር በጣም አጭር ነው። በሽታው ጃንደረቦችን፥ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን፥ የወር አበባቸውም ያልተቋረጠ ሴቶችን እንደማይነካ ያመለክታል። ልብ በሉ፤ በዚህ ውስጥ ስድብም ፍርድም የለም። ያየውን ጻፈ፥ ዝም አለ። ምክንያቱን ሳያውቅ የጻፈው ነገር ዛሬም በአብዛኛው እውነት ሆኖ ይገኛል።

ከአራት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ይህንኑ ቃል አነሣና ለሌላ ሥራ አዋለው። በአንዱ ደብዳቤው ላይ ሲጽፍ፥ የሮም ሴቶች በመብልና በመጠጥ ከወንዶች ጋር ስለ ተፎካከሩ ተፈጥሮ የሰጠቻቸውን ጥበቃ አጡ፤ ስለዚህ ጠጉራቸው ይመለጣል፥ እግራቸውም በሪህ ይታሰራል አለ። ስንት ሴቶች እንደ ታመሙ አልቆጠረም፤ መቁጠርም አላስፈለገውም። (ሴኔካ ራሱ በሮም ከታወቁት ባለ ጠጎች አንዱ እንደ ነበረ ማስታወስ አይከፋም።) ከዚያ ወዲህ ሪህ የሆዳም ሰው ደመወዝ ነው የሚለው ሐሳብ ከአፍ ወደ አፍ፥ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ ኖረ።

ፍርዱ ግን ከባዶ ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ምስክር ጥሩ ቢባል ንጉሠ ነገሥት የሚያህል ምስክር ነበረው።

ካርል አምስተኛ በ1500 ዓመት በጌንት ከተማ ተወለደ። እስፓኝን፥ ሆላንድና ቤልጅግ የሚባሉትን አገሮች፥ ናፖሊን፥ ከዚህም ሌላ በአሜሪካ አዲስ የተያዙትን ሰፊ አገሮች ገዛ፤ የጀርመንም ንጉሠ ነገሥት ሆነ። በዘመኑ ከእርሱ የሚበልጥ ኃይል ያለው ሰው በኤውሮጳ አልነበረም። ነገር ግን ገና ሠላሳ ዓመት ገደማ ሳለ ሪህ ያዘው። አገጩ ወደ ፊት ወጥቶ የተፈጠረ ስለ ነበረ ጥርሶቹ አይገጥሙም፥ ምግቡንም በደንብ አያላምጥም ነበር፤ ሆኖም ሥጋውን፥ ዓሣውን፥ ቢራውንና የወይን ጠጁን ያለ ልክ ይወድ ነበር። የንስሐ አባቱ የነበሩት ካርዲናል ሎአይሳ ከሮም ደብዳቤ እየጻፉ የሚጎዳውን ምግብ እንዲተው ለመኑት። ሐኪሞቹም ለመኑት። እርሱ ግን ሠራዊት ሲያዝ እንጂ ሆዱን ሲያዝ አልታየም።

በ1552 ዓመት ሜስ የምትባለውን ከተማ ለመክበብ በወጣ ጊዜ ሕመሙ ስለ ጠናበት በፈረስ መቀመጥ አልቻለም፤ በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዱት። በብርዱና በበሽታው ወታደሩ አለቀ፥ በጥር 1553 ከበባው ፈረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ ጥቅምት 25 ቀን 1555፥ በብሩክሴል ከተማ መኳንንቱን ሰበሰበና ሥልጣኑን ለልጁ ለፊሊፕ ለመልቀቅ ተነሣ። በአንድ እጁ ምርኩዝ ይዞ፥ በሌላው እጁ የሃያ ሁለት ዓመቱን መስፍን የኦራንጁን ዊልያምን ትከሻ ተደግፎ ቆመ። ያ የተደገፈው ወጣት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በልጁ ላይ የሚያምፀው ሰው መሆኑን ማን ያውቅ ነበር!

ካርል ከዚያ በኋላ በእስፓኝ ተራሮች መካከል ወደ ዩስቴ ገዳም ሄዶ ተቀመጠ። ዓለምን ንቆ መነነ ተባለለት። የመነነው ግን ዙፋኑን እንጂ ማዕዱን አልነበረም። ቢራ ጠማቂው አብሮት መጣ፤ በፖስታ ፈረስ የሚመላለሱ ሰዎችም ከባሕር ዳር የዓሣ ዓይነት ያመጡለት ነበር። ያበጠውን እግሩን የሚያሳርፍበት ልዩ ወንበር ተሠራለት። በመስከረም 21 ቀን 1558 ሞተ፤ የገደለው ግን ሪህ አይደለም፥ ወባ ነው።

የዚህ ንጉሠ ነገሥት አንዲት የጣት አጥንት ከሌላው አካሉ ተለይታ በኤስኮሪያል ገዳም ተጠብቃ ኖራለች። የእስፓኝ ተመራማሪዎች ይህችን አጥንት መርምረው ውጤቱን በ2006 አሳተሙ። አጥንቷ በዩሪክ አሲድ ጨው ተበልታ፥ መገጣጠሚያዋም ፈራርሶ ተገኘ። ከአራት መቶ አርባ ዓመት በላይ አልፎ ሳለ ክሱ በማስረጃ ተረጋገጠ ማለት ነው።

ታዲያ ሴኔካ እውነቱን ነበርን? አዎን ብለን መጽሐፉን ከመዝጋታችን በፊት አንድ ነገር እንመልከት። የካርል ልጅ ፊሊፕ ሁለተኛም በሪህ ብዙ ዘመን ተሠቃየ፤ በመጨረሻም በመንኮራኩር ወንበር የሚገፋ ሆነ። አባትየው ለልጁ ያወረሰው ማዕዱን ብቻ ነውን ወይስ ደሙንም ጭምር? ይህን ጥያቄ በዚያ ዘመን ሊመልስ የሚችል ሰው አልነበረም።

ሕመሙን ከሁሉ አስተካክሎ የጻፈው ራሱ የታመመ ሰው ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲደናም ከሠላሳ ዓመት በላይ በሪህ ሲሠቃይ ከኖረ በኋላ በ1683 አንድ መጽሐፍ አወጣ። በዚያ ላይ የሚተርከው በሽተኛ ማታ ደኅና ሆኖ ይተኛል፤ ሌሊት በስምንት ሰዓት ገደማ አውራ ጣቱ ላይ በተነሣ ሕመም ይነቃል፤ ሕመሙ እየባሰ ሄዶ የአንሶላውን ክብደት እንኳ መሸከም ያቅተዋል፤ በክፍሉ ውስጥ ሰው ሲራመድ የወለሉ መንቀጥቀጥ ያስጮኸዋል። ሲደናም በዚሁ መጽሐፍ ራሱን ሲያጽናና፥ ይህ በሽታ ከድኾች ይልቅ ባለ ጠጎችን፥ ከሞኞችም ይልቅ ብልሆችን እንደሚገድል ይናገራል። ደግ ሐኪም ነበረ፤ ነገር ግን እርሱም ከሴኔካ ፍርድ አልወጣም። የገለበጠው ብቻ ነው፤ ቅጣት የነበረውን ማዕረግ አደረገው።

ከእርሱ በኋላ በመጣው መቶ ዓመት ይህ ማዕረግ በእንግሊዝ አገር እንደ ፋሽን ተያዘ። ሪህ ያለበት ሰው የጨዋ ልጅ መሆኑ ታወቀ ማለት ነበር። እንዲያውም ሪህ ሲመጣ ሌሎች በሽታዎችን ያባርራል ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ስለ ነበሩ፥ ባለመታመማቸው የሚያዝኑ ሳይኖሩ አልቀሩም! አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ግን በራሱ ሊሥቅ የሚችል ሰው ነበረ። በ1780፥ ሰባ አራት ዓመት ሆኖት በፓሪስ አጠገብ በፓሲ መልእክተኛ ሆኖ ሲኖር፥ ራሱና ሪህ ሲከራከሩ የሚያሳይ አጭር ጽሑፍ ጻፈ። በዚያ ውስጥ ሪህ ከሳሽ ሆና ትቀርብና በልተሃል፥ ጠጥተሃል፥ ሜዳው ደጅህ ሳለ ለሰዓታት ቁጭ ብለህ ቼዝ ትጫወታለህ፥ በእግርህ መሄድ ሲገባህ በሠረገላ ትሄዳለህ እያለች ትወቅሰዋለች። ተከሳሹም የሚመልሰው ያጣል። ቧልት ነው፤ ነገር ግን ከብዙ የሐኪም መጻሕፍት ይልቅ ለእውነት ይቀርባል።

ይህ ሁሉ ሲነገር ሳለ ሌሎች ሰዎች በሌላ መንገድ ይሄዱ ነበር። እነዚህ ሰዎች ስለ በሽተኛው ጠባይ አልጠየቁም፤ በእብጠቱ ውስጥ ያለው ነገር ምንድን ነው ብለው ብቻ ጠየቁ። በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ ጨርቅ ነጋዴ የነበረው ሌቨንሁክ በገዛ እጁ በሠራው አጉሊ መነጽር በ1679 ከሪህ እብጠት የወጣ ኖራ የሚመስል ነገር ተመለከተ፤ ኖራ ሳይሆን ሁለት ጫፋቸው የሾለ ደቃቅ መርፌዎች ሆነው አገኛቸው። በ1776 ደግሞ የስዊድኑ መድኃኒት ቀማሚ ካርል ሼለ ከሰው ፊኛ የወጣ ጠጠር አሟሙቶ ከዚያ በፊት ያልታወቀ አሲድ አገኘ። ይህ ሼለ የሚሠራው በትንሽ ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው፤ ኦክሲጅንንም ለብቻው ካገኙት ሰዎች አንዱ ነው፤ በአርባ ሦስት ዓመቱ ሞተ። ያገኘው አሲድ በኋላ ዩሪክ አሲድ ተባለ። በ1797 እንግሊዛዊው ዎላስተን በሪህ እብጠት ውስጥ ያለው ነገር ይኸው አሲድ ከሶዲየም ጋር ተዋሕዶ የተፈጠረ ጨው መሆኑን አሳየ።

የመጨረሻውን እርምጃ የሄደው አልፍሬድ ባሪንግ ጋሮድ ነው። ጋሮድ በ1819 በእንግሊዝ አገር በኢፕስዊች ተወለደ፤ በለንደንም ሐኪም ሆነ። በ1848 በሪህ በሽተኞች ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ከመጠን በላይ መኖሩን ገለጸ። ይህን ማረጋገጥ የሚፈልግ ሐኪም ሁሉ ግን ታላቅ ላቦራቶሪ ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ ጋሮድ በ1854 አንድ ቀላል ዘዴ አስተማረ። ከበሽተኛው ጥቂት ደም ይወሰድና ይረጋል፤ በላዩ የሚቀረው የጠራው የደም ውሃ በዝርግ ብርጭቆ ይደረጋል፤ የሆምጣጤ አሲድ ጥቂት ጠብታ ይጨመርበታል፤ በውስጡም አንድ የተልባ እግር ክር ይነከራል። ከዚያ በኋላ ምንም አይደረግም፤ ብርጭቆው አንድ ሁለት ቀን ሳይነካ ይቀመጣል። በሽታው ሪህ ከሆነ፥ ስኳር በክር ላይ እንደሚረጋ ሁሉ የዩሪክ አሲድ ቅንጣቶች በክሩ ላይ ተሰልፈው ይታያሉ። ሪህ ካልሆነ ክሩ ባዶውን ይቀራል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም በል። ሁለት ሺሕ ዓመት ያህል የነገሥታት ጠባይ፥ የሴቶች ነውር፥ የጨዋ ልጅ ምልክት ሲባል የኖረው ነገር በአንድ የክር ቁራጭ ላይ ተንጠልጥሎ ታየ። ክሩ የባለ ጠጋውን ደም ከድኻው ደም ለይቶ አያውቅም።

ጋሮድም ክሩን ይዞ በሆስፒታሉ ውስጥ በዞረ ጊዜ ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። በሆስፒታል የተኙት ድኾች ናቸው፤ ከሪህ በሽተኞቹም መካከል ከአራቱ አንዱ ያህል አስቀድሞ በእርሳስ ብረት የተመረዘ ሰው ሆኖ ተገኘ። ቀለም ቀቢዎችና የቧንቧ ሠራተኞች ነበሩ። በዚያ ዘመን ነጭ ቀለም የሚሠራው ከእርሳስ ነው። እርሳስ ኩላሊትን ይጎዳል፤ የተጎዳ ኩላሊት ደግሞ ዩሪክ አሲድን በደንብ አያስወጣም። እንግዲህ የቀን ሞያተኛው የንጉሥ በሽታ የያዘው ከንጉሥ ማዕድ በልቶ ሳይሆን የንጉሥን ቤት ቀብቶ ነው። ይህን የሚያውቅ ጎረቤት ያልነበረው ቀለም ቀቢ፥ እግሩን ጠቅልሎ ሲቀመጥ ሰካራም ተብሎ ስንት ጊዜ ተሰድቦ ይሆን? የባለ ጠጎቹም ነገር ቢሆን ፍርዱ እንደ ታሰበው ቀጥ ያለ አልነበረም። የእንግሊዝ መኳንንት የሚወዱት ፖርቶ የተባለው የፖርቱጋል የወይን ጠጅ፥ ከዚያ ዘመን የቀሩ ጠርሙሶች በኋላ ሲመረመሩ፥ ብዙ እርሳስ ያለበት ሆኖ ተገኝቷል።

አሁን ዩሪክ አሲድ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ልናገር። በሰውነታችን ሕዋሳት ሁሉ ውስጥ ፑሪን የሚባል ነገር አለ። ሕዋሳት ሲያረጁና ሲታደሱ ፑሪኑ ይፈርሳል፤ የፍርስራሹም መጨረሻ ዩሪክ አሲድ ነው። በሰውነታችን ካለው ዩሪክ አሲድ ሁለት ሦስተኛ የሚያህለው የሚመጣው ከዚህ ከራሳችን ሕዋስ ሲሆን፥ ከምንበላው የሚመጣው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። አብዛኛውን ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል፤ የቀረው በአንጀት ይወጣል። በዶሮ ኩስ ላይ የሚታየው ነጭ ነገርም ይኸው ዩሪክ አሲድ ነው።

አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ይህን አሲድ የሚያፈርስ ዩሪኬዝ የሚባል ኤንዛይም አላቸው፤ ስለዚህ በደማቸው ያለው መጠን በጣም ጥቂት ነው። ሰውና ታላላቆቹ ዝንጀሮች፥ እነ ጎሪላና ቺምፓንዚ፥ ግን ይህን ኤንዛይም ከዐሥራ አምስት ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ አጥተውታል። ስለዚህ ቅዱሱም ሆዳሙም በደሙ ውስጥ ከውሻው ይልቅ ብዙ እጥፍ ዩሪክ አሲድ ተሸክሞ ይሄዳል። መጠኑ በአንድ ዴሲሊትር የደም ውሃ ውስጥ ከ6.8 ሚሊግራም ሲበልጥ፥ ሻይ ውስጥ እንደ በዛ ስኳር መሟሟት ያቅተውና ሊዘቅጥ ይችላል። የሚዘቅጠውም በቀዝቃዛ ስፍራ ይበዛል፤ እግር ደግሞ ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ከሚቀዘቅዙት አንዱ ነው። ዘብ የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት እነዚያን መርፌዎች ሊውጡ ይነሡና ያ የሌሊት ጩኸት ይጀምራል። ሂፖክራተስ ስለ ሴቶች ያየው ነገር ምክንያትም ታውቋል፤ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴቶች ሆርሞን ኩላሊት አሲዱን እንዲያስወጣ ይረዳዋል፤ የወር አበባ ሲቋረጥ ይህ እርዳታ ይቀንሳል።

የሰው ልጅ ግን አንድ ወንጀለኛ ከያዘ በኋላ የመንደሩን ስርቆት ሁሉ በእርሱ ላይ መጫን ይወዳል። አሌክሳንደር ሄግ የተባለ ሐኪም ከባድ የራስ ምታት ነበረበት፤ ሥጋ መብላት ሲተው ተሻለው። ከዚህ ተነሥቶ በ1892 አንድ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። የራስ ምታት፥ የሚጥል በሽታ፥ የመንፈስ ጭንቀት፥ የደም ግፊት፥ ሁሉም ከዩሪክ አሲድ ይመጣል አለ። ተከታዮቹን ከሥጋ በቀር ከሻይ፥ ከቡና፥ ከባቄላ፥ ከአተርና ከምስርም ከለከላቸው። መጽሐፉ ደጋግሞ ታተመ፥ ብዙ ሰውም ተከተለው። የተሻለ መለኪያ ሲመጣ አብዛኛው ሐሳቡ ፈረሰ። የሄግ ስሕተት ከሴኔካ ስሕተት ጋር መንታ ነው፤ አንዱ ሳይመዝን ሰውን ኮነነ፥ ሌላው ሳይመዝን አሲዱን ኮነነ።

በመጨረሻ መድኃኒቱን ያገኘችው ሪህን የማትፈልግ ሴት ናት። ገርትሩድ ኤልየን በ1918 በኒው ዮርክ ተወለደች። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት አያቷ በካንሰር ሞቱ፤ ይህን በሽታ እዋጋለሁ ብላ ኬሚስትሪ ተማረች። በትምህርቷ የላቀች ብትሆንም ሴት በመሆኗ የላቦራቶሪ ሥራ ብዙ ጊዜ ተከለከለች። በ1944 ከጆርጅ ሂቺንግስ ጋር መሥራት ጀመረች፤ ሁለቱም ለደም ካንሰር የሚሆን መድኃኒት ሠሩ። ያ መድኃኒት ግን በሰውነት ውስጥ ፈጥኖ ይፈርስ ስለ ነበረ፥ እንዳይፈርስ የሚከላከል ሌላ ነገር ፈለጉ፤ አሎፑሪኖል የሚባለውንም አገኙ። አሎፑሪኖል የሚያግደው ኤንዛይም ግን ዩሪክ አሲድንም የሚሠራው ያው ኤንዛይም ነው። በሽተኞቹ ሲመረመሩ በደማቸውም በሽንታቸውም ያለው ዩሪክ አሲድ ቀንሶ ተገኘ። በ1966 አሎፑሪኖል በአሜሪካ ለሪህ መድኃኒትነት ተፈቀደ፤ በ1988 ሁለቱ ከጀምስ ብላክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ኤልየን የዶክተርነት ዲግሪዋን ሳትጨርስ ነው እዚህ የደረሰችው።

በእኛ ዘመን ደግሞ አሮጌው ክስ በአዲስ ልብስ ተመልሶ መጥቷል። ሆዱ የገፋ፥ የደም ግፊቱ ከፍ ያለ፥ የስኳር በሽታ የጀመረው፥ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙ ሲመረመር ብዙ ጊዜ ዩሪክ አሲዱም ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አሲዱ እሳቱ ነው ወይስ ጢሱ? ውፍረት ሲበዛ በደም ውስጥ ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ይበዛል፤ ኢንሱሊንም ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዲይዝ ያደርጋል። እንግዲህ አሲዱ የሌላ ችግር ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ሐኪሞች በዕጣ ከፍለው መዘኑ። በ2020 ሁለት ጥናቶች ታተሙ፤ በአንደኛው የኩላሊት ድካም ያለባቸው 369 ሰዎች፥ በሁለተኛው የስኳር በሽታ ያለባቸው 530 ሰዎች ገብተው ነበር። አሎፑሪኖል አሲዱን ቀነሰ፤ የኩላሊቱን መድከም ግን አላዘገየም። በ2022 ደግሞ በእንግሊዝና በስኮትላንድ የልብ ደም ሥር በሽታ ያለባቸው ከ5,700 የሚበልጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ወደ አምስት ዓመት ያህል ተከታትለው ሲታዩ፥ መድኃኒቱ የልብ ድካምንና ሞትን እንዳልቀነሰ ታወቀ። ሪህ ያለበት ሰው ግን መድኃኒቱ ይጠቅመዋል፤ አሲዱ ከ6 ሚሊግራም በታች ሲወርድና እዚያው ሲቆይ የዘቀጠው ጨው ቀስ በቀስ ይሟሟል፥ ጥቃቱም ይቀራል። ሪህ ሳይኖርበት አሲዱ ብቻ ከፍ ያለበት ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ አንድም ቀን በሪህ አይታመም።

ስለ ምግቡስ? በዚህ በኩል ሴኔካና የፍራንክሊን ከሳሽ ፈጽሞ አልተሳሳቱም። በአሜሪካ ከ47,000 የሚበልጡ ወንዶች ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ተከታትለው ሲታዩ፥ ሥጋና የባሕር ምግብ የሚያበዙት፥ ቢራም የሚያዘወትሩት በሪህ ይበልጥ ተያዙ፤ ይህ በ2004 ታተመ። በ2008 የታተመው ደግሞ ከሥጋ ይልቅ ብዙ ሰው ያስደነቀ ነው፤ በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ በስኳር የጣፈጠ ለስላሳ መጠጥ የሚጠጡት በወር አንድ ጠርሙስ እንኳ ከማይሞሉት ይልቅ 85 በመቶ የበለጠ ለሪህ ተጋልጠው ተገኙ። ፍሩክቶዝ የሚባለው የስኳር ዓይነት ወደ ጉበት ሲገባ ጉበት የኃይል ስንቁን በፍጥነት ያወጣል፤ የዚያ ስንቅ ፍርስራሽ ዩሪክ አሲድ ይሆናል። የዛሬው የንጉሥ ማዕድ እንግዲህ በየሱቁ በጥቂት ብር የሚሸጥ ነው።

ይህም ሆኖ በ2018 ከ16,000 በላይ ሰዎችን ይዞ የተሠራ ሌላ ጥናት፥ በሰዎች መካከል ያለውን የዩሪክ አሲድ ልዩነት የዘር ውርስ 24 በመቶ ያህል ሲያስረዳ፥ እያንዳንዱ የምግብ ዓይነት ለየብቻው አንድ በመቶ እንኳ በደንብ እንደማያስረዳ አሳየ። የአባቱን ኩላሊት ይዞ የተወለደ ሰው ውሃ እየጠጣና ጾሙን እየጾመ ሊታመም ይችላል፤ ሌላው የካርልን ማዕድ እየበላ በሰላም ያረጃል። በሽታውን እንደ ነውር የሚቆጥር በሽተኛ ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል፥ መድኃኒቱንም «ከበላሁት ነው፥ ራሴን ገትቼ እድናለሁ» ብሎ ይተዋል፤ ጨው ግን በመገጣጠሚያው ውስጥ ሥራውን አያቋርጥም።

በአገራችን ሪህ ያለበት ሰው ምስርና ሽሮ፥ ጎመንም ሳይቀር ሲከለከል ይሰማል። በጾም ቀን ይህ ክልከላ ለብዙ ቤተ ሰብ የማዕዱን ዋና ነገር እንደ ማንሣት ነው። በ2004 በታተመው በዚያው ጥናት ፑሪን የበዛባቸው አተር፥ ባቄላ፥ ምስርና ጎመን የመሰሉ ምግቦች በሽታውን አብዝተው አልተገኙም፤ ወተትና እርጎ እንዲያውም ቀንሰውት ተገኝተዋል። ስለዚህ እግሩን ጠቅልሎ የሚመጣውን ሰው ሐኪሙ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ስለ ምስሩ አይደለም፤ ስለ ቢራውና ስለ ለስላሳው፥ ለደም ግፊት ስለሚውጠው ሽንት አብዢ ክኒን፥ ደግሞም አባቱ ወይም አያቱ ሌሊት አውራ ጣታቸውን ይዘው ይነሡ እንደ ነበረ ነው።